ሁለተኛዋ ስምንት

የእትዬ ኤልፍነሽን ዕድሜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ለመናገር ግን አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። የተናገርኩትም ህሊናዬ አላስተኛ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ነርስ ቁጥር መደመር ስለምትችል ነው።

ነገሩ የተጀመረው ካርቱም ነው። ጎንደር ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ የለመድኩት የእጅ ጽሑፍና ያቺ ትንሽ እንግሊዝኛዬ ስደት ላይ እንጀራ ሆኑኝ። ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ የሚያመለክተው ሰው ፎርሙን የሚያስሞላው በእኔ ነበር። ከሁሉም የሚያደክመው የልደት ቀን ነው። የኛ ሰው የተወለደበትን ቢያውቅ የሚያውቀው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ፎርሙ የሚፈልገው ደግሞ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ስምንት እደምራለሁ፤ ሰውየው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከተወለደ ሰባት። በቀን ሠላሳ አርባ ሰው ይመጣል። አንድ ቀን ረቂቅ እይዛለሁ፣ በማግስቱ ከረቂቁ ወደ ፎርሙ እገለብጣለሁ። ሙቀቱ አንጎል ያፈላል።

እትዬ ኤልፍነሽ የመጡት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ጸዮንን በእጃቸው ይዘው ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ክርና መርፌ ይነግዱ የነበሩ፣ ባላቸው ታስሮ ያልተመለሰላቸው ሴት ናቸው። መቼ እንደተወለዱ ስጠይቃቸው ሳያመነቱ «በሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት» አሉኝ። እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚነግረኝ ሰው ብርቅ ስለነበር ደስ አለኝ። ዓመቱን እዚያው በጭንቅላቴ ደመርኩና ረቂቁ ላይ «ሚያዝያ 23፣ 1931» ብዬ ጻፍኩ። ዓመቱ የፈረንጅ ሆኗል፤ ወሩን ግን በአማርኛ ተውኩት። በማግስቱ ስገለብጥ «ሚያዝያ» የሚለውን አየሁ። ወሩ የኛ ከሆነ ዓመቱም የኛ ነው አልኩና እንደገና ስምንት ደመርኩበት። ሜይ አንድ፣ 1939። ከዚያ ከታች፣ የተረጎምኩት በታማኝነት ነው ከሚለው መስመር ላይ፣ ያንን በማዘጋጃ ቤት የታወቅኩበትን ቆንጆ ፊርማዬን አኖርኩበት።

ስህተቱን ያየነው ቶሮንቶ ከደረስን በኋላ ነው። እሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያ አራት ገቡ፣ እኔ በዓመቱ ተከተልኩ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተን የተሰጣቸውን ወረቀት ሲያሳዩኝ ፊቴ ጠቆረ። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ስምንት ዓመት ሰጠኸኝ እኮ» አሉኝ። «ምነው ከሰጠኸኝ አይቀር ሃያ ብታደርገው ኖሮ።»

«አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ።»

«ተወው፣ ተወው። እዚህ አገር ለሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት መጥረጊያ የሚሰጣት የለም። ለአርባ አምስት ዓመቷ ግን አይጠፋም።»

እውነታቸውን ነበር። በወሩ ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ የቢሮ ሕንጻ የጽዳት ሥራ አገኙ። ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው፣ ኪፕሊንግ መንገድ ላይ አውቶቡስ ጠብቀው፣ የሰው ቆሻሻ ሲያነሱ ኖሩ። ወሬያቸው ሁሉ ከዚያው ከቆሻሻ ቅርጫቱ የተገኘ ነው። «አራተኛ ፎቅ ያለውን ሰውዬ ሚስቱ ትታው ሳትሄድ አትቀርም» ይሉኝ ነበር እሑድ እሑድ። «ምሳ ከቤት ማምጣት አቁሟል።» አንድም ቀን አግኝተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ግን የሁሉንም ጤና ይጠይቁኛል፣ እኔ የማውቃቸው ይመስል።

በሰማንያ ዘጠኝ ደም ብዛት ተገኘባቸው፤ በዓመቱ ስኳር ተጨመረ። ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዘዘላቸው። ችግር አልነበረም፤ የጽዳት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የመድኃኒት ኢንሹራንስ ነበረው። ካርዷን ያሳያሉ፣ መድኃኒቱን ይዘው ይወጣሉ። ሁላችንም ወደ አገር ቤት በምንጽፈው ደብዳቤ «እዚህ ሕክምና በነጻ ነው» እያልን ጉራ የምንነዛው በዚህ ዓይነት ነበር። ሐኪሙ በነጻ ነው፤ አልዋሸንም። ሐኪሙ ጽፎ የሚሰጥህ ወረቀት ግን በነጻ እንዳልሆነ የሚገባህ ሥራህ የተነካ ቀን ነው።

በዘጠና አምስት መጨረሻ የሕንጻው የጽዳት ኮንትራት ለሌላ ድርጅት ተሰጠ። አዲሱ ድርጅት ሠራተኞቹን በሙሉ መልሶ ቀጠራቸው፤ ያው ባልዲ፣ ያው ፎቅ፣ ያው ሰዓት። ደሞዙ ግን ቀነሰ፤ ኢንሹራንስ የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ቀረ። እትዬ ኤልፍነሽ እንደ ልማዳቸው ኪኒናቸውን ሊያመጡ ሲሄዱ ፋርማሲስቱ ዋጋ ነገራቸው።

«የዓመቱን ነው?» ብለው ጠየቁት፣ በዚያች በምታበቃቸው እንግሊዝኛ።

«የወሩን» አላቸው።

ይህን ሲነግሩኝ ፋርማሲስቱ ራሱ እንዳፈረ ጨምረው ነገሩኝ። የአንድ ቤት ወጪ እንዲህ ነው የሚናጋው። ጸዮን ያን ጊዜ ቀን አንድ ሱቅ ትሠራለች፣ ማታ ኮሌጅ ትማራለች፤ የምታገኘው በክፍያዋ ያልቃል። እናትየዋ ኪራይ ከፍለው፣ አስቤዛ ገዝተው፣ የቀረው ከሁለቱ መድኃኒት አንዱን ይገዛል እንጂ ሁለቱን አይገዛም።

ትሪሊየም የሚባል አዲስ የመንግሥት ፕሮግራም መጥቷል ተባለና ፎርሙን እኔው ሞላሁላቸው። መድኃኒት ከገቢው በላይ ለሆነበት ሰው ነው። መልሱ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ከገቢያችሁ ይህን ያህል ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኙን ላኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እኛ እንሸፍናለን የሚል ነው። ተረጎምኩላቸው። ጥቂት አሰቡና «መጀመሪያውን የሚከፍልልኝስ የትኛው ፕሮግራም ነው?» አሉኝ። ፎርሙን አገላበጥኩት። እሱን የሚመለከት ፎርም አልነበረም።

ተስፋቸውን ሁሉ ስልሳ አምስት ላይ አደረጉት። ስልሳ አምስት የሞላው ሰው መድኃኒቱን መንግሥት እንደሚችልለት አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። በሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ በዘጠና ስድስት፣ እውነተኛው ስልሳ አምስት ዓመታቸው ሞላ። ዳቦ አስቆርሰው ለሁላችንም አካፈሉን።

በዚያው ክረምት፣ በጁላይ፣ ሌላ ለውጥ መጣ። እስከዚያ ድረስ አረጋውያን በነጻ ይወስዱት በነበረው መድኃኒት ላይ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ሳይቀር በየመድኃኒቱ እስከ ሁለት ዶላር ይክፈል ተባለ። አዳራሹ ታመሰ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጋሽ ተሻገር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ «ዛሬ ሁለት ያለ ነገ ሃያ ይላል» አሉ። ሁሉም ተስማማ። እትዬ ኤልፍነሽ ግን ስንወጣ ጎተት አደረጉኝ።

«እኔ መክፈል እፈልጋለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ነውር የሚናገሩ ይመስል። «ሁለቷን ዶላር። አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

ሄድን። በዚያ ዓመት የወጣውን አዲሱን የሁለት ዶላር ሳንቲም ሁለት ፍሬ፣ ለሁለቱ ኪኒን፣ መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘዋል። አልቢዮን መንገድ ላይ ያለው ፋርማሲ ወረፋ ነበረው፤ ከፊታችን የቆሙት ሽማግሌዎች ሁሉ በሁለቱ ዶላር ይጨቃጨቃሉ። ተራችን ሲደርስ እትዬ ኤልፍነሽ ቋጠሮውን ፈትተው ሳንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ፋርማሲስቱ የልደት ቀናቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሃምሳ ሰባት ነዎት» አለ። «ገና ነዎት፤ ልጅ ነዎት።»

ሊያስደስታቸው ነው። ተረጎምኩላቸው። ሳቅ ብለው ሳንቲሞቻቸውን መልሰው ቋጠሩ። ውጪ አውቶቡስ ስንጠብቅ ግን አይስቁም ነበር።

«ጥሩነህ» አሉኝ፣ «እስከ ሁለት ሺህ አራት ልጠርግ ነው ማለት ነው?»

 ጡረታቸውም ቢሆን የሚመጣው በዚያው ቀን ነው።

«ያን የሰጠኸኝን ስምንት ዓመት ውሰድልኝ። በቅቶኛል።»

ያን ሳምንት፣ መልሱ በእኔ አድራሻ እንዲመጣ አድርጌ፣ ለኢሚግሬሽን ቢሮ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። መጻፉንስ ጻፍኩ፣ እንዴት እንደጻፍኩት ግን ስሙኝ፤ «በካርቱም ፎርሙን የሞላው አንድ ጸሐፊ በስህተት» አልኩ። አንድ ጸሐፊ። ስሙ ያልታወቀ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ። በሴፕቴምበር የኢሚግሬሽን ቢሮው መልስ ሰጠ። አልተቆጡም፤ ጥያቄው ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ገልጸው፣ ያ ጸሐፊ ከተገኘ ስህተቱ እንዴት እንደተሠራ በቃለ መሐላ አረጋግጦ ይፈርም የሚል ነበር።

የሚፈርመው ጸሐፊ እጁ ላይ ደብዳቤውን ይዞ መሐል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያች ጎጆ ውስጥ ቲኬት ስቆርጥ ኖሬያለሁ። በዚያው ሰሞን ለፍርድ ቤትና ለሆስፒታል አስተርጓሚ የሚልክ ድርጅት ፈተና ፈትኖኝ፣ አልፈሃል፣ ስምህን እስክንመዘግብ ጠብቅ ብሎኛል። ሃምሳ ዓመቴ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጥሩነህ እንደገና ከረባት አስሮ ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጥበት ቀን ደርሶ ሳለ፣ በእጁ ጽሑፍ ሐሰት ተርጉሜ ፈርሜያለሁ ብሎ ሊምል ነው። ደግሞስ ካርቱም ፎርሙን የሞላሁለት ሰው ሁሉ ተነስቶ የኔንም ተመልከትልኝ ቢለኝስ? ስሜ ይመዝገብና ከዚያ እፈርማለሁ አልኩ። ደብዳቤውን ጎጆዋ ውስጥ ባለችው መሳቢያ፣ ከቲኬት ጥቅሎች ሥር አስገባሁት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ኤልፍነሽ ይመጡና «መልስ መጣ?» ይሉኛል።

«አልመጣም፣ እትዬ። የመንግሥት ነገር።»

«ይሁና። እነሱም ሥራ አለባቸው።»

ከመስከረም እስከ ጥር እንዲህ አልኳቸው። ምላስ ሐሰትን ይለምዳል ይባላል እንጂ እኔ አልለመድኩም። ግን አልፈረምኩም።

እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ዘዴ አገኙ። በመጀመሪያ ኪኒኑን በቢላዋ ለሁለት ይከፍሉት ነበር። እየተፈረፈረ ሲያስቸግራቸው ሌላ መላ ዘየዱ። «ረቡዕና ዓርብ ከመድኃኒቱም እጾማለሁ» ብለው ነገሩኝ አንድ ቀን፣ ኩራት ብጤ እያላቸው። «ከሥጋው ጾሜ ከኪኒኑ ምን ያበላኛል?» ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ጨዋታው ስለጣመኝ ሳቅኩ። ከዚያ የገና ጾም ገባ። አርባ ሦስት ቀን። ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየዋጡ ጾሙን ጨረሱት። ጸዮን እናቷ እንደ ወትሮው የሚጾሙ ነው የመሰላት፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ባዶ ስላልሆነ ምንም አልጠረጠረችም። እንዲያውም ቶሎ አለማለቁ ደስ ብሏት ነበር።

ገና በዋለ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ኤልፍነሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባልዲ እንደያዙ ወደቁ። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዱ፤ አፋቸው ወደ ጎን ሄደ።

ሆስፒታሉ ምንም አላጎደለባቸውም። ጭንቅላታቸውን በመሣሪያ አዩት፤ ስፔሻሊስቱ መጣ፤ አልጋ፣ ምግብ፣ ቀንና ሌሊት ነርስ። ያን ሁለቱን ኪኒን እንኳ በትንሽ የወረቀት ኩባያ አድርገው ጠዋትና ማታ አመጡላቸው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም የጠየቀ ሰው የለም። አጠገባቸው ተቀምጬ ያቺን የወረቀት ኩባያ ሳያት ዋልኩ። ለመታመም አልከፈሉም፤ እንዲከፍሉ የተጠየቁት ላለመታመም ነበር። ይህን ለማን አቤት እንደሚሉት አላውቅም፤ ፎርም ያለውም አይመስለኝም።

በስድስተኛው ቀን ጸዮን ጎጆዬ ድረስ ስልክ ደወለች።

«ጋሼ ጥሩነህ፣ ዛሬ ማሚን ጥያቄ እየጠየቁ አሴስ ያደርጓታል። ሪሃብ እንድትገባ። አስተርጓሚያቸው እስከ ሐሙስ የለም አሉኝ፤ የኔ አማርኛ ደግሞ ያውቁታል። መምጣት ይችላሉ?»

ሄድኩ። ነርሷ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ነች። ጸዮንን ወደ ጎን ወስዳ ነገሩን አስረዳቻት። ሪሃብ የሚሉት፣ ሰው እጅና እግሩን እንደገና የሚያለማምዱበት ክፍል የሚገባው የሚነገረውን የሚረዳ፣ ጊዜና ቦታ የማይምታታበት በሽተኛ ነው። አእምሮው የተነካ ከሆነ ግን ትምህርቱ አይገባውም፤ ለዘለቄታው የሚንከባከብ ቤት ይፈለግለታል። ጸዮን እጆቿን አጣምራ አዳመጠች። በሃያ ሦስት ዓመቷ እናቷን የት እንደሚያስቀምጧት ለመስማት ቆማለች።

ነርሷ ወረቀቷን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የት ነው ያሉት?»

«ሆስፒታል» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ በተጣመመ አፋቸው፣ ቀስ ብለው። «ሌላ የት ልሆን ነው።»

«ወሩ ማን ነው?»

«ጥር።»

«ዓመቱስ?»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚናገረው። ካርቱም ላይ ሁለቴ የደመርኩ ሰው፣ ያን ዕለት አንዴም መደመር ፈራሁ። «1989» አልኩ። ነርሷ ቀና ብላ አየቻቸውና ጻፈች። የምንገኘው በዘጠና ሰባት ነው።

«የተወለዱት መቼ ነው?»

«በሚያዝያ ጊዮርጊስ። ሃያ ሦስት።»

«1923» አልኩ።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስልሳ አምስት።»

ነርሷ መዝገቡን ገለጠች። እዚያ ላይ ያለው ሃምሳ ሰባት ነው። ብዕሯን አስቀመጠችና ለጸዮን በሚያሳዝን ድምፅ፣ እናትሽ ጊዜ ተምታቶባቸዋል አለቻት። ጸዮን ፊቷ ተለወጠ።

«አልተምታታባትም» አለች በእንግሊዝኛ፣ እየፈጠነች። «የኛ ካሌንደር ሌላ ነው። ከናንተ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። እኛ አገር አሁን ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ከፈለግሽ ጠይቂው፤ እሱ ያውቃል።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። እውነት ነው አልኳት። መቼም ጥሩ ሰው ነች፤ ወረቀቷን መልሳ አነሳችና ጥግ ላይ ደመረች። ሰማንያ ዘጠኝ ሲደመር ስምንት፣ ዘጠና ሰባት። ልክ ነው፣ አለች ፈገግ ብላ፣ የጻፈችውንም ሰረዘች። ከዚያ ወደ ልደቱ ሄደች። ሃያ ሦስት ሲደመር ስምንት፣ ሠላሳ አንድ። መዝገቡን አየች። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና ደመረች።

«እዚህ ላይ የሚለያየው በአሥራ ስድስት ነው» አለች። «አንዷ ስምንት ገብታኛለች። ሁለተኛዋ ስምንት ከየት መጣች?»

ጸዮን እናቷን አየች። ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ እንደማይገናኝ ታውቃለች፤ ለሥራ ብለው ያስቀነሱት፣ አሁን ደግሞ በደብዳቤ የሚያስመልሱት ይመስላት ነበር። አሁን እናቷ መልስ እንዲሰጡ ትጠብቃለች። እትዬ ኤልፍነሽ ነርሷ ያለችው ገብቷቸዋል፤ የቁጥር እንግሊዝኛ አያመልጣቸውም። በደህናው ዓይናቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። እሱ ነው ቢሉ ይበቃ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። አላሉም። አላውቅም እንደምል የጠበቁ መሰለኝ፤ ብል ደግሞ እሺ ሊሉኝ ነው፣ በየእሑዱ እሺ እንዳሉኝ። ነርሷ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። አላውቅም ካልኩ ያቺ ስምንት የምትጻፈው በእሳቸው ጭንቅላት ላይ ነው።

«ሁለተኛዋ ስምንት የኔ ናት» አልኩ።

ረቂቁን ነገርኳት፣ «ሚያዝያ» የሚለውን ቃል ነገርኳት፣ ፊርማዬን ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ ተንተባተበ። ሴትዮዋ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ዓመቱም ልደቷም ዕድሜዋም፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። ነርሷ ስትጽፍ ቆየች። ስትጨርስ «ጊዜና ቦታ በሚገባ ያውቃሉ» ብላ አነበበችልኝ። እኔም ለእትዬ ኤልፍነሽ ተረጎምኩላቸው። አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ በትክክል የተረጎምኩላቸው ነገር እሱ ነው።

ነርሷ ስትወጣ ጸዮን ቆማ ቀረች።

«ደብዳቤው መልስ አልመጣም ብለውን ነበር» አለች።

«መጥቷል።»

«መቼ?»

«መስከረም ላይ። እኔ ጋ ነው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የእናቷን ብርድ ልብስ እስከ ትከሻቸው ሳበችና ጀርባዋን ሰጥታኝ «አንተ ታውቅ ነበር» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብላኝ አታውቅም። አማርኛዋ ስለሚያስቸግራት ይሆን፣ ወይስ ሆን ብላ ነው? አልጠየቅኳትም። የማውቀውን እንደማላውቅ መስዬ መጠየቅ ሰልችቶኛል።

በማግስቱ ጠዋት ቃለ መሐላ የሚያስፈጽም ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያው ቆንጆ ነው። ለአስተርጓሚ ድርጅቱም ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ራሴው ነገርኳቸው፤ በሁለት መስመር ደብዳቤ አመስግነው ሸኙኝ። ዛሬም ያችው ጎጆ ውስጥ ነኝ። እትዬ ኤልፍነሽ ሪሃቡ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት ቆይተው በከዘራ እየተደገፉ ወጡ። ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም፤ ነጠላቸው ሥር እንደታጠፈ ቀረ።

የልደታቸው ቀን መስተካከሉን የሚገልጸው ወረቀት የመጣው በጁን ነው። በጁላይ አንድ ቅዳሜ ጸዮን ደውላ «ማሚ ፋርማሲ ይውሰደኝ ትልዎታለች» አለችኝ። «እርስዎ»ው ተመልሷል፤ ጋሼው ግን አልተመለሰም።

አልቢዮን መንገድ ላይ ያው ፋርማሲ፣ ያው ወረፋ። ስለ ሁለቱ ዶላር የሚጨቃጨቅ ሰው ግን አልነበረም፤ በዓመቱ ሁሉም ለምዶታል። እትዬ ኤልፍነሽ እየደከማቸው ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። ፋርማሲስቱ ኮምፒውተሩን አየ።

«ስልሳ ስድስት» አለ። «ሁለት መድኃኒት፣ ሁለት ሁለት ዶላር።»

መሐረቡን አወጡ። ዓመት ሙሉ ያልተፈታ ቋጠሮ ነው። በአንድ እጅ የሚፈታ አልሆነላቸውም፤ ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ በትከሻቸው ገፋ አደረጉኝ። በጥርሳቸው ይዘው ፈቱት። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ በግራ እጃቸው ፋርማሲስቱ መዳፍ ላይ አኖሩ። ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«በግራዬ ስለሰጠሁት ይቅርታ በልልኝ» አሉኝ። «ነውር ነው።»

ፋርማሲስቱ ሳንቲሙን እንደያዘ ምን እንዳሉ ሊሰማ ጠበቀኝ። መተርጎም አቃተኝ።